«ለሕግ የተሠራ ጥይት» አለ ወይ?

ጥያቄው፦ «የምኖረው ኦሃዮ ነው። ዘንድሮ ከሥራ ባልደረቦቼ ጋር ለመጀመሪያ ጊዜ አጋዘን አደን ልወጣ ነው። የጠመንጃ ሱቅ ገብቼ ‹ለአጋዘን የሚሆን ጥይት› ብል፣ ሻጩ 350 ሌጀንድ የሚባል አወጣልኝና ‹ይኼ ለእኛ ሕግ ተብሎ የተሠራ ነው› አለኝ። ጥይት ለሕግ ተብሎ ይሠራል እንዴ? እኔ የማውቀው ሕግ ማን መሣሪያ ይያዝ፣ ማን አይያዝ ሲል ነው። አገራችንስ የወጣው አዲሱ የጦር መሣሪያ አዋጅ እንዲህ ያለ ለውጥ ያመጣል? ሚሺጋን የባለቤቴ ወንድም አለ፤ እሱ ጋ ስሄድ ይኼንኑ ጥይት ልጠቀም?»

ወዳጄ፣ ሻጩ አልዋሸዎትም። እንዲያውም ብዙ ሻጭ የማይናገረውን ነግሮዎታል። እኔ ዕድሜዬን የጨረስኩት ጥይት መፈተሻ ላብራቶሪ ውስጥ ነው፤ ሥራዬ የባሩድ ግፊትና የአረር ፍጥነት መለካት ነበር። አዲስ ጥይት ለፍተሻ ሲመጣ ወጣቶቹ «ስንት ይፈጥናል? ምን ያህል ይበሳል?» ብለው ይረባረባሉ። የእኔ የመጀመሪያ ጥያቄ ግን «የማንን ሕግ አይቶ ነው የተሠራው?» የሚል ነበር። ብዙ ጊዜ መልስ አለው።

መጀመሪያ በስም እንግባባ። በተለምዶ ሁሉንም ጥይት እንለዋለን፤ እዚህ ግን ክፍሎቹን መለየት ያስፈልገኛል። ከአፈሙዝ ወጥቶ የሚሄደው አረር ነው። ባሩዱን የሚይዘውና ከተተኮሰ በኋላ መሬት የሚወድቀው ቀለህ ነው። ዓመቶቹን የማስቀምጠው በአውሮፓ አቆጣጠር ነው።

አሁን ያንን 350 ሌጀንድ ከሳጥኑ አንድ ፍሬ ያውጡና ጠረጴዛ ላይ ያቁሙት። ጎረቤት ካለ ተራ የአደን ጠመንጃ፣ ለምሳሌ ከ.30-06፣ አንድ ጥይት ይዋሱና አጠገቡ ያቁሙ። የ.30-06 ቀለህ ከታች ወፍራም ነው፤ ወደ ላይ ሲሄድ ትከሻ ያወጣና እንደ ጠርሙስ አንገት ይጠባል። ሌጀንዱ አንገት የለውም፤ ከታች እስከ ላይ ቀጥ ያለ ነው። ለዚህ ሁሉ ጨዋታ መነሻው ይቺ ቅርጽ ናት።

የጠርሙስ አንገት ያለው ቀለህ ብዙ ባሩድ ይይዝና ጉልበቱን በቀጭን አረር ላይ ያሳርፈዋል፤ አረሩ ይፈጥናል፣ ሩቅ ይሄዳል። ቀጥ ያለው ቀለህ ባሩዱ አነስ ያለ ነው፤ አረሩ ወፍራም ስለሆነ ቶሎ ይደክማል፣ ቶሎ ይወርዳል። ባለ 150 ግሬይን (10 ግራም ገደማ) አረር ከ.30-06 ሲወጣ በሰከንድ 2,900 ጫማ አካባቢ ይበራል፤ ያው ክብደት ከሌጀንድ ሲወጣ 2,325 ጫማ ነው። ኦሃዮ ደግሞ እንደሚያውቁት ሜዳ ነው። የበቆሎ ማሳ፣ ከማሳው ማዶ ቤት፣ ከቤቱ ማዶ መንገድ። አረር የሚቀበል ጋራ የለም። ለዚህ ነው እዚያ አጋዘን ለረጅም ዘመን በሾትገን (ወፍራም አፈሙዝ ያለው፣ በአብዛኛው ቅርብ የሚተኩስ ጠመንጃ) እንጂ በተራ ረጅም ጠመንጃ እንዳይታደን ተከልክሎ የኖረው። ችግሩ ሾትገን ትከሻን ይቀጠቅጣል፤ ልጅና ሴት አዳኞች ይሸሹታል፤ አነጣጥሮ ለመምታትም አስቸጋሪ ነው። ስለዚህ በ2014 ኦሃዮ «ቀጥ ያለ ቀለህ ያለው ከሆነ ረጅም ጠመንጃ ይፈቀዳል» አለች፤ መጀመሪያ የተፈቀዱትን በስም ዘረዘረች፤ በኋላ ደግሞ የአረሩን ውፍረት ከ.357 እስከ .50 ኢንች ወሰነች። ሚሺጋንም በደቡብ ክፍሏ እንዲሁ አደረገች፤ እሷ ግን ሌላ ነገር ጨመረች፦ የቀለሁ ርዝመት ከ1.16 ኢንች እንዳያንስ፣ ከ1.80 እንዳይበልጥ።

እንግዲህ የመሐንዲሱን ቦታ ይዘው ያስቡት። ፊትዎ ያለው የሁለት ግዛቶች ደንብና ማስመሪያ ነው። በ2019 ዊንቸስተር 350 ሌጀንድን አወጣ፤ ቀለሁ 1.71 ኢንች፣ አረሩ .357። ኦሃዮ የጠየቀችውን ዝቅተኛ ውፍረት ልክ ነካ፤ ከሚሺጋን ጣሪያም ሥር ገባ። በ2023 ደግሞ ሬሚንግተን .360 ባክሀመርን ገበያ ላይ አዋለ። ይኼ የድሮውን የ.30-30 ቀለህ አንገቱን አፍርሶ ቀጥ በማድረግ የተሠራ ነው። የቀለሁ ርዝመት ስንት ቢሆን ጥሩ ነው? 1.80 ኢንች። ልክ ጣሪያው ላይ። ያንን ቁጥር የመረጠው የባሩድ ኬሚስት አይደለም፤ የሚሺጋን ደንብ ነው።

የምለው ነገር ይኼው ነው። ሕግ አውጪ «ሩቅ የማይሄድ ጥይት እፈልጋለሁ» ብሎ ያስባል፤ «ሩቅ» የሚለውን ግን ጫካ ውስጥ የቆመ ተቆጣጣሪ ሊለካው አይችልም። ስለዚህ የሚለካ ነገር ይፈልጋል፦ ርዝመት፣ ውፍረት፣ የብረት ዓይነት፣ የጥይት ብዛት። ጥይት ሠሪው የሚያነበው የሕጉን መግቢያ አይደለም፤ መለኪያውን ነው። በሐሳቡና በመለኪያው መካከል ክፍተት ካለ፣ አዲስ ጥይት የሚወለደው እዚያ ክፍተት ውስጥ ነው። አንዳንዱ ልጅ የሕጉን ሐሳብ ያከብራል፤ ሌጀንድ እንደዚያ ነው፣ በእርግጥም ሩቅ አይሄድም። አንዳንዱ ግን ማስመሪያውን ብቻ ያከብራል።

ነገሩ አዲስ አይደለም። የመጀመሪያው ትልቅ ምሳሌ የእኛው ደጃፍ ላይ የተፈጸመ ነው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ ማርቲኒ ሄንሪ የሚባለው የእንግሊዝ ጠመንጃ በሕንድና በሱዳን ብዙ ሸፋች እጅ ገብቶ ነበር። የእሱ ጥይት .577/450 ይባላል። የእንግሊዝ ሹማምንት «ለዝሆን አደን ተብሎ የሚገባው የ.450 ጥይት ተዘርፎ ለእነዚያ ጠመንጃዎች ይውላል» ብለው ሰጉ፤ በ1907 .450 ካሊበር (ካሊበር የአረሩ ውፍረት ነው) ወደ ሁለቱ አገሮች እንዳይገባ ከለከሉ። ለንደን ያሉት ጠመንጃ ሠሪዎች አንገታቸውን ያዙ፤ ምክንያቱም ዋና ደንበኞቻቸው እዚያ ያሉ መኮንኖችና አዳኞች ናቸው። ታዲያ ምን አደረጉ? ወዲያው .470 መጣ። .465 መጣ። .475፣ .476 ተከተሉ። ሁሉም ለዝሆን የሚሠሩት ሥራ ከ.450 ጋር አንድ ነው፤ ልዩነታቸው ማርቲኒ ሄንሪ ውስጥ አለመግባታቸው ብቻ ነው። ክልከላው የፈለገውን አግኝቷል ማለት ይቻላል። ነገር ግን .470 ዛሬም፣ ያ ሁሉ ግዛት ከፈረሰ በኋላ፣ ለትልልቅ አራዊት አደን የሚሸጥ ዝነኛ ጥይት ነው። ሕጉ ሞተ፣ ጥይቱ ኖረ።

እግረ መንገዴን፣ በዚያው ዘመን ከ1890ው የብራስልስ ስምምነት ጀምሮ ከ20 ዲግሪ ሰሜን እስከ 22 ዲግሪ ደቡብ ባለው የአፍሪካ ክፍል ዘመናዊ ጠመንጃና ጥይት እንዳይገባ አውሮፓውያን ተስማምተው ነበር። በእኛ አገር ያ ዘመን የውጅግራና የሰናድር ዘመን ነው፤ ጥይት በአንዳንድ ገበያ እንደ አሞሌ ጨው ሽርፍራፊ ገንዘብ ሆኖ ይገበያዩበት ነበር። ክልከላ የጥይትን ቅርጽ ብቻ አይደለም የሚቀይረው፤ አንዳንዴ ጥይቱን ገንዘብ ያደርገዋል።

የጦርነቱ ሕግ ደግሞ ሌላ መስመር አለው። በ1868 ፒተርስበርግ ላይ የተሰበሰቡ መንግሥታት ክብደቱ ከ400 ግራም በታች የሆነ የሚፈነዳ አረር በጦርነት እንዳይተኮስ ተስማሙ። ሐሳቡን ያቀረበችው ራሷ ሩስያ ናት፤ የባሩድ ጋሪ ለማፈንዳት ብላ የሠራችው ጥይት ሰው አካል ውስጥም የሚፈነዳ ሆኖ ቢሻሻል ጊዜ፣ ሌላው ሠርቶ ሳይተኩስብኝ ብላ። ከዚያ በ1899 ሄግ ላይ ሁለተኛው ክልከላ መጣ፦ ሰው አካል ውስጥ ሲገባ በቀላሉ የሚሰፋ ወይም የሚደፈጠጥ አረር። ይኼ በቀጥታ ያነጣጠረው እንግሊዝ ላይ ነው። እንግሊዞች በ1895 በያኔዋ ሕንድ ሰሜን ምዕራብ ጠረፍ ካለው ከቺትራል ዘመቻ ሲመለሱ «ሙሉ ልባስ (እርሳሱን የሚሸፍን ስስ ብረት) ያለው አረራችን እንደ መርፌ ወግቶ ያልፋል፤ የተመታው ሰው እየሮጠ ይመጣብናል» ብለው አማረሩ። ከካልካታ ወጣ ብሎ ዱምዱም የሚባል ቦታ ባለው የጥይት ፋብሪካ ካፒቴን በርቲ ክሌይ የአረሩን ጫፍ ልባስ አነሳለት፤ ሲመታ የሚከፈት ሆነ። «ዱምዱም» የሚለው ስም የቀረው ከዚያ ነው።

የሄግ ጽሑፍ ምን ይላል? ልባሱ ውስጡን ሙሉ በሙሉ ያልሸፈነ፣ ወይም የተቆራረጠ አረር። መለኪያውን አዩት? ልባሱ ሙሉ ይሁን አይሁን ነው። እንግሊዝ ሲከፋት ሲከፋት በ1907 ስምምነቱን ተቀበለች። በ1910 ደግሞ ማርክ 7 የሚባለውን የ.303 ጥይት ለሠራዊቷ ሰጠች። ማርክ 7ን በብረት መጋዝ ለሁለት ሰንጥቄ አይቼዋለሁ፤ ሁሌ ተማሪዎችን የማሳየው እሱን ነበር። ከውጭ ሲያዩት እንከን የለሽ ነው፤ ሹል፣ ልባሱ ሙሉ፣ ምንም ቀዳዳ የለው። ሲሰነጠቅ ግን የፊተኛው አንድ ሦስተኛ እርሳስ አይደለም፤ ቀላል ነገር ነው፣ አሉሚኒየም፣ በኋላም የእንጨት ብስባሽ ወይም የታመቀ ወረቀት። ክብደቱ ሁሉ ከኋላ ነው። ከኋላው የከበደ አረር አየር ላይ በሽክርክሪቱ ኃይል ቀጥ ብሎ ይሄዳል፤ ሥጋ ውስጥ ሲገባ ግን ይገለበጣል፣ እየተንከባለለ ያርሳል። አልሰፋም፤ አልተደፈጠጠም፤ ልባሱም ሙሉ ነው። ሕጉ የተከበረው እስከ ነጠላ ሰረዙ ድረስ ነው። ቁስሉ ግን ሄግ ላይ የተሰበሰቡት ሰዎች የሸሹት ዓይነት ቁስል ነው። በዚህ ሙያ ሐሳብና መለኪያ እንዲህ ተራርቀው ያየሁበት ሌላ ቦታ የለም።

ያው ስምምነት ለእኛም ታሪክ ተርፏል። ጣሊያን በ1935 ሲወር «ኢትዮጵያውያን ዱምዱም ይተኩሱብናል» ብሎ ለመንግሥታት ማኅበር ክስ አቀረበ፤ እሱ ራሱ ግን ከአውሮፕላን የሰናፍጭ ጋዝ እያፈሰሰ ነበር። ክሱን ለጋዙ ማመካኛ ነው ያደረገው። የሕግ አንቀጽ በማን እጅ እንደገባም ማየት ነው።

ሌላ የሚያስቅ ነገር ልንገርዎት። ጦርነት ላይ የተከለከለው የሚሰፋ አረር፣ አደን ላይ ግዴታ ነው። የእንግሊዝ የአጋዘን ሕግ አረሩ ጫፉ ለስላሳ ወይም ክፍት መሆን አለበት ይላል፤ ካሊበሩ ከ.240 ኢንች፣ ጉልበቱ ከ1,700 ፉት ፓውንድ ማነስ የለበትም። ምክንያቱ ርኅራኄ ነው፦ አውሬው ወዲያው ይሙት፣ ቆስሎ ጫካ ገብቶ አይሰቃይ። ወታደሩን በተመለከተም ሄግ ላይ ያነሡት ምክንያት ርኅራኄ ነበር። አንዱ ርኅራኄ ልባሱን ድፈኑ አለ፣ ሌላው ክፈቱ አለ። ለዚህ ነው አንድ ፋብሪካ ውስጥ ለአንድ ካሊበር ሁለት መስመር የሚቆመው፤ በአንዱ የወታደር፣ በሌላው የአዳኝ።

የጣሊያኑ 9×21 ደግሞ ንጹሕ የወረቀት ልጅ ነው። ጣሊያን በ1975 ባወጣችው ሕግ 9×19 ጥይት፣ ማለትም በዓለም ላይ የታወቀው የሽጉጥ ጥይት፣ የጦር ጥይት ነው ተብሎ ለሲቪል ተከለከለ። ስለዚህ የእስራኤሉ ጥይት ሠሪ ድርጅት አይኤምአይ ቀለሁን በ2 ሚሊ ሜትር አረዘመው። አረሩን ግን በዚያው ልክ ወደ ውስጥ ገፋ አድርጎ አስቀመጠው፤ በዚህም የጥይቱ ጠቅላላ ርዝመት ከ9×19 ጋር እኩል ሆነና እዚያው የሽጉጥ ካዝና ውስጥ ይገባል። ጉልበቱ ያው ነው። ልዩነቱ ስሙና ሁለት ሚሊ ሜትር ናስ ነው። ጣሊያኖች ወደ ግማሽ ክፍለ ዘመን ለሚጠጋ ጊዜ ያንን ሁለት ሚሊ ሜትር ሲገዙ ኖሩና፣ በ2021 መጨረሻ የወጣ ሕግ ክልከላውን አነሳው። እንዲህ ያለውን ሕግ እኔ አልወደውም። ማንንም ከምንም አያድንም፤ የፋብሪካ ወጪ ብቻ ይጨምራል።

አሜሪካ ውስጥ ከዚህ ከበድ ያለው ጉዳይ በሽጉጥ የሚተኮስ፣ መከላከያ የሚበሳ ጥይት ነው። በ1982 አንድ የቴሌቪዥን ጣቢያ ኬቲደብልዩ የሚባል ጥይት የፖሊስ ጥይት መከላከያ ይበሳል ብሎ ዘገበ። ጥይቱ አስቀድሞ የተሠራው ለፖሊስ ነበር፤ የመኪና በርና መስታወት እንዲያልፍ። አረንጓዴ ቴፍሎን የተቀባ ስለነበር ሕዝቡ «ቴፍሎኑ ነው የሚበሳው» ብሎ ያዘው፤ እስከ ዛሬም የሚያምን አለ። ቴፍሎኑ የተቀባው ጠንካራው አረር አፈሙዙን ውስጡን እንዳይፍቀው ነው። የሚበሳው የአረሩ ጥንካሬ ነው። ምክር ቤቱ በ1986 ሕጉን ሲያወጣ መጀመሪያ «መከላከያ የሚበሳ» ብሎ ሊጽፍ አስቦ ነበር፤ ግን ተራ የአደን ጠመንጃ ጥይት ሁሉ የፖሊስን ለስላሳ መከላከያ ይበሳል። ስለዚህ መለኪያው ወደ ብረቱ ተዛወረ፦ በሽጉጥ ሊተኮስ የሚችል፣ ውስጡ ከተንግስተን ቅይጥ፣ ከአረብ ብረት፣ ከብረት፣ ከናስ፣ ከነሐስ፣ ከቤሪሊየም መዳብ ወይም ከተሟጠጠ ዩራኒየም የሆነ አረር። እርሳስና ተራ መዳብ ዝርዝሩ ውስጥ የሉም።

ይኼ ዝርዝር ያኔ ማንም ያላሰበው ጣጣ አመጣ። ከዓመታት በኋላ ሌላ ሕግ፣ የአካባቢ ጥበቃ ሕግ፣ «እርሳስ ተው» ሲል አረር ሠሪው ወዴት ይሂድ? ናስ ለመቁረጥ ምቹ ነው፣ መርዝ የለውም፤ ግን ዝርዝሩ ውስጥ አለ። ስለዚህ የአሜሪካ እርሳስ አልባ የአደን አረር በአብዛኛው መዳብ ሆነ። ሁለት ሕጎች ከሁለት ወገን ገፍተው መሐንዲሱን አንድ ጥግ ላይ አቆሙት፤ ጥጉ መዳብ ይባላል። በ2015 ደግሞ ኤቲኤፍ፣ የአሜሪካ የጦር መሣሪያ ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት፣ ውስጡ ብረት ላለበት ለኤም855 የ5.56 ሚሊ ሜትር የጠመንጃ ጥይት የነበረውን ልዩ ፈቃድ ሊያነሳ ሐሳብ አቀረበ፤ ይኼንን ጥይት የሚተኩሱ ሽጉጦች መጥተዋልና። ከ80,000 በላይ አስተያየት ጎረፈበት፤ ጥይቱ በየሱቁ በአንድ ጊዜ አለቀ፤ ሐሳቡም በወሩ ተነሣ።

እንግዲህ ወደ እርሳስ ልምጣ። ለእኔ ከሁሉ ሰፊው ለውጥ የመጣው ከዚህ ነው፣ ከጦር መሣሪያ ቁጥጥር ሳይሆን ከዳክዬ። ዳክዬ ምግብ የሚፈጭላት ጥርስ ስለሌላት ጠጠር ትውጣለች። ሐይቅ ዳር ለዘመናት የተተኮሰ የሾትገን እርሳስ ፍሬ ደግሞ ከጠጠር አይለይም። ትውጠዋለች፣ ውስጧ ይፈጫል፣ ትመረዛለች። አሜሪካ በ1991 ለውኃ ወፎች አደን የእርሳስ ፍሬ በመላ አገሪቱ ከለከለች። ምትኩ አረብ ብረት ሆነ። ብረት ግን ቀላል ነው፤ የእርሳስ እፍጋት 11.3 ሲሆን የብረት 7.8 ነው። ቀላል ፍሬ አየር ላይ ቶሎ ይደክማል። አዳኙ የለመደውን ርቀት ለማግኘት ሁለት ቁጥር ተለቅ ያለ ፍሬ መምረጥ ያዘ፤ ተለቅ ያለ ፍሬ ቦታ ይፈልጋል፤ ቦታው ሲጠብ ቀለሁ ረዘመ። ክልከላው ደረጃ በደረጃ እየመጣ ሳለ በ1988 ሦስት ተኩል ኢንች የሆነ ባለ 12 ጌጅ (የሾትገን አፈሙዝ ስፋት መለኪያ) ጥይት ወጣ፤ እሱን የሚጎርስ አዲስ ሾትገንም አብሮት ተሠራ። ብረት ደግሞ ጠንካራ ስለሆነ የድሮን አፈሙዝ ይፍቃል፤ ስለዚህ ፍሬውን የሚያቅፍ ወፍራም የፕላስቲክ ኩባያ ውስጡ ተጨመረ። ያ ፕላስቲክ ከእያንዳንዱ ተኩስ በኋላ ሐይቁ ውስጥ ይወድቃል። አሁን በአውሮፓ የሚፈልጉት ደግሞ ውኃ ውስጥ የሚበሰብስ ኩባያ ነው፤ የአውሮፓ ኅብረት ከየካቲት 2023 ጀምሮ ረግረግና ውኃ አካባቢ የእርሳስ ፍሬ ከልክሏልና ጥያቄው ጠንክሯል። አንዱ ክልከላ ወልዶ የሚቀጥለውን ያስረግዛል።

በካሊፎርኒያ ነገሩ ከዳክዬ ወደ ጠመንጃ አረር ተሻገረ። ምክንያቱ ኮንዶር የሚባለው ግዙፉ አሞራ ነው፤ በ1982 በዓለም ላይ 22 ብቻ ቀርተው ነበር። አዳኝ የጣለውን የአጋዘን ሆድ ዕቃ ሲበላ በውስጡ የተበተነውን የእርሳስ ፍርካሽ አብሮ ይበላል። በ2008 በአሞራው ቀበሌ፣ ከሐምሌ 1 ቀን 2019 ጀምሮ ደግሞ በመላ ግዛቱ ለአደን የእርሳስ ጥይት ተከለከለ። መዳብ ከእርሳስ ስለሚቀል፣ ያንኑ ክብደት ለማግኘት አረሩ መርዘም አለበት። የረዘመ አረር አየር ላይ እንዳይንገዳገድ በበለጠ ፍጥነት መሽከርከር አለበት። መሽከርከሩን የሚሰጠው አፈሙዙ ውስጥ ያለው ጠመዝማዛ ቦይ ነው። ስለዚህ አሮጌ ጠመንጃ ያለው ሰው ቀለል ያለ አረር ይገዛል፤ አዲስ ጠመንጃ የሚሠራው ደግሞ ጠመዝማዛውን ያጠብቀዋል። አንድ አሞራ የጠመንጃ ቦይ አስቀየረ ብል ተረት ይመስላል፤ በላብራቶሪ ግን ቁጥሩን አይቼዋለሁ።

ስኮትላንድ ላይ ይኼው ነገር ሕጉን ራሱን መልሶ አስቀየረው። ለትልልቅ አጋዘን አረሩ ከ100 ግሬይን እንዳያንስ ይል የነበረው ደንብ የተጻፈው እርሳስን አስቦ ነው። መዳብ ሲመጣ በዚያ ክብደት ብዙ ጠመንጃ አልተኩስ አለ። በ2023 ወደ 80 ግሬይን አወረዱት። መለኪያው ሐሳቡን እንዳያግድ የተስተካከለበት ጥቂት ምሳሌ ነውና አመሰግናቸዋለሁ።

በሙያ ቤታችን ብዙ ያወራነው ግን የተንግስተኑ ጉዳይ ነው። ማሳቹሴትስ ውስጥ ካምፕ ኤድዋርድስ የሚባል የልምምድ ቦታ አለ፤ መሬቱ አሸዋ ነው፣ ከሥሩ የመጠጥ ውኃ አለ። በ1997 የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት የእርሳስ ተኩስን አስቆመ። ሠራዊቱ «አረንጓዴ ጥይት» ብሎ ተንግስተንና ናይለን የተቀላቀለበት አረር አመጣ፤ ተንግስተን ውኃ ውስጥ አይሟሟም፣ አይንቀሳቀስም ተብሎ ስለታመነ። ተንቀሳቀሰ። በ2006 እሱም ቆመ። ሠራዊቱ ከዚያ ወደ መዳብና ብረት ዞረና በ2010 ኤም855ኤ1ን ለወታደሩ አደለ። እርሳስ ይውጣ ተብሎ የተጀመረው ሥራ፣ ከድሮው በተሻለ የሚበሳ ጥይት ሆኖ አለቀ። ውኃ ለማዳን የተነሣው ሰው ይኼን አልጠየቀም።

ሕግ ጥይቱን ሳይነካ ጥይቱን የሚቀይርበት ጊዜም አለ። ከ1994 እስከ 2004 በአሜሪካ አዲስ ካዝና ከ10 ጥይት በላይ እንዳይዝ ተከልክሎ ነበር። ገዢው «አስር ብቻ ከሆነ ለምን ወፍራም አስር አልይዝም» አለ፤ .40ና .45 ካሊበር ያላቸው ትናንሽ ሽጉጦች የደመቁት በዚያ ዘመን ነው። ክልከላው ሲያበቃና የ9 ሚሊ ሜትር አረር ሲሻሻል ብዙው ሰው ወደ 9 ተመለሰ።

የአገራችንን አዋጅ በተመለከተ፣ ቁጥር 1177/2012 (ይኼኛው ዓመት በእኛ አቆጣጠር ነው) ይዤ አንብቤዋለሁ። የሚቆጣጠረው ማን ፈቃድ ያግኝ፣ ማን ያስገባ፣ ማን ያጓጉዝ የሚለውን ነው። ይኼ አስፈላጊ ሥራ ነው፤ ግን የጥይትን አሠራር አይነካም፣ ሊነካም አይችልም። አዲስ ጥይት እንዲወለድ ሁለት ነገር ያስፈልጋል፦ በሕጉ ውስጥ ቀጭን የተፈቀደ በር፣ ከበሩ ማዶ ደግሞ ገንዘብ ይዞ የቆመ ብዙ ገዢ። ኦሃዮና ሚሺጋን ሁለቱም አላቸው፤ በየዓመቱ በመቶ ሺዎች የሚቆጠር አዳኝ ይወጣል። እኛ ዘንድ ገጠር ውስጥ የሚዞረው የክላሽ 7.62×39 ነው፤ ከ1943 ጀምሮ ያለ የወታደር ጥይት። ሸማቹም በካታሎግ እየመረጠ አይደለም የሚገዛው። ስለዚህ አዋጁ ዋጋውን ይቀይራል፣ የሚያልፍበትን መንገድ ይቀይራል፤ ቀለሁን አንድ ሚሊ ሜትር አያሳጥረውም።

አሁን የሚሺጋኑን ልመልስ። የሌጀንድ ቀለህ 1.71 ኢንች ነው፤ ከ1.16ና ከ1.80 መካከል ይወድቃል፣ ውፍረቱም ሚሺጋን ከምትጠይቀው ዝቅተኛ .35 ኢንች ይበልጣል። ስለዚህ በዚያ ደንብ የተፈቀደ ነው። ነገር ግን እነዚህ ደንቦች በየዓመቱ ይነካካሉ፤ ግዛቱ የሚያትመውን የዚያን ዓመት የአደን መመሪያ ከመንገድ በፊት ያንብቡ፣ የሚያድኑበት ወረዳ የትኛው ክልል ውስጥ እንደሆነም አማችዎን ይጠይቁ። የሌላ ግዛት አዳኝ ፈቃድም ለየብቻ ይገዛል። ሳጥኑን አይጣሉት፤ ተቆጣጣሪ ቢመጣ መጀመሪያ የሚያየው የሳጥኑን ጽሑፍ ነው፣ ካልረካ ደግሞ ከኪሱ መለኪያ ያወጣል። ለመጀመሪያ አደንዎ ደግሞ ባለ 150ውን ይዘው ከአንድ መቶ ሜትር አካባቢ ማነጣጠሪያዎን አስተካክለው ይሂዱ፤ ከሁለት መቶ በላይ ካዩት ይተዉት፣ አረሩ ወርዶ እግሩን ነው የሚመታብዎት።